«ገመናችንን ለፈረንጅ አትጻፍ»

ሰባተኛ ክፍል ሳለን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን አንድ ቀን ካርቶን ተሸክመው ገቡ። ወሩ ጥቅምት ነው። የእኛ ከተማ ደቡብ ምዕራብ ያለች የቡና ከተማ ናት፤ መስቀል አለፈ ብሎ ዝናቡ አያቆምም። ያን ቀንም ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቲቸር የሚሉት ነገር አልሰማ ብሎን ነበር። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ጋብ እስኪል ጠበቁ። ከዚያ «የብዕር ጓደኞች መጡላችሁ» አሉን።

አውሮፓ ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ከእኛ ትምህርት ቤት ጋር «እህትማማች» ሆኗል። የላኩት ፖስታ ሠላሳ አንድ ነው። እኛ ስልሳ አራት ነን። ስለዚህ አንድ ፈረንጅ ለሁለት ተካፈልን፤ ሁለት ዴስክ ላይ ለሦስት ሆነ። ለእኔና ለዴስክ ጓደኛዬ የደረሰን ልጅ ከውሻው ጋር የተነሳውን ፎቶ ልኳል። ውሻው ሶፋ ላይ ተቀምጧል። ሶፋው አልነበረም የገረመን፤ ውሻው የሰው ስም ያለው መሆኑ ነው።

መልሱን ቲቸር ብላክቦርድ ላይ በእንግሊዝኛ ጻፉልን። ለስም፣ ለዕድሜና ለአባት ሥራ ክፍት ቦታ ትተዋል። ከሥር «አገሬ የ13 ወር ፀሐይ ባለቤት ናት» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ይሄን ሲጽፉ ዝናቡ እንደገና ጀምሯል። ስልሳ አራታችንም ገለበጥን።

የዴስክ ጓደኛዬ ግን ከገጹ ግርጌ ቦታ ተርፎት ነበርና አራት መስመር ጨመረ። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ስለሚወርደው ወንዝ ነው የጻፈው። የእሸት ቡና ማጠቢያው ሥራ ሲጀምር ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ከብት አፉን አያስነካውም፤ እናቱ ውሃ ለመቅዳት ከማጠቢያው በላይ ድረስ ትወጣለች። ሽታውን ሊጽፍ ሲል «ኮምጣጣ» ለሚለው ቃል እንግሊዝኛው ጠፋው። እኔን ጠየቀኝ። እኔም አላውቅም። በመጨረሻ «ወንዛችን ሎሚ ሎሚ ይሸታል» ብሎ ጻፈው።

ቲቸር ወረቀቱን ሲሰበስቡ ቆም ብለው አነበቡት። አልተቆጡም። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ገመናችንን ለፈረንጅ አትጻፍ። እንደገና ገልብጥ» አሉት። ገለበጠ።

ይሄን ታሪክ ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ፤ ሁሌም በሳቅ ነው የሚያልፈው። የሎሚዋ ነገር በእርግጥም ታስቃለች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የክፍል ለክፍል ደብዳቤ ባገኘሁበት ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። (እንዲህ ዓይነት ሱስም አለ።) ያየሁት ነገር ቢኖር እነዚህን ጽሑፎች ማንም እንደ ጽሑፍ አያያቸውም። ለአስተማሪው የቋንቋ ልምምድ ናቸው፣ ለርእሰ መምህሩ የውጭ ግንኙነት፣ ለለጋሹ ደግሞ ሪፖርት ላይ የምትለጠፍ ምሳሌ። «ተማሪዎች ስለ ሌላው ዓለም አካባቢና ባህል ይማራሉ» ይባልና ይታለፋል። እስቲ ግን እንደ ጽሑፍ እንያቸው። አንድ ልጅ በቅርብ ስለሚያውቀው ቦታ፣ ቦታውን ፈጽሞ ለማያውቅ ሰው ሲጽፍ ከጽሑፍ ሥራዎች ሁሉ ከባዱን ነው የተሸከመው። ካላመናችሁ እንሰት አይቶ ለማያውቅ ሰው ስለ እንሰት አንድ ገጽ ሞክሩ። «ሙዝ ይመስላል ግን ፍሬው አይበላም» ካላችሁ በኋላ ምን ትላላችሁ?

የኔ መለኪያ ቀላል ነው፤ ደብዳቤው አንባቢውን ጥያቄ ያስጠይቃል ወይ? የእኛ ስልሳ አራት ደብዳቤ አንድም አያስጠይቅም። ፀሐይ አለን፣ አሥራ ሦስት ወር፣ ደህና ነን፣ እናንተስ? በቃ። የጓደኛዬ አራት መስመር ግን፣ በዚያች በተሳሳተች ሎሚ እንኳ፣ «ወንዝ እንዴት ሎሚ ይሸታል?» ያሰኛል። ይሄ ጥያቄ ፖስታ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ ቢመጣ ኖሮ ጓደኛዬ ለመመለስ ወደ ወንዙ መውረድ ነበረበት። ማጠቢያው ውስጥ ምን እንደሚሆን መጠየቅ፣ የቡናው ሥጋ ተልጦ የት እንደሚጣል ማየት፣ ሽታው በየትኛው ሳምንት እንደሚብስ መቁጠር ነበረበት። የክፍል ልውውጥ ስለ ሌላው አገር ያስተምራል ይባላል። ደህና ሲሠራ ግን መጀመሪያ የሚያስተምረው ስለ ራስህ ወንዝ ነው፤ የሚያስተምርህ ደግሞ ወንዙን የማያውቀው ልጅ ነው።

ይሄ የኔ ፍልስፍና እንዳይመስላችሁ። ሴሌስተን ፍሬኔ የሚባል ፈረንሳዊ የገጠር አስተማሪ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ሳንባውን ተመትቶ ተረፈ። እ.ኤ.አ. በ1920 ደቡብ ፈረንሳይ፣ ከግራስ ከተማ አጠገብ ባር ሱር ሉ የምትባል ተራራማ መንደር ተመደበ። በቁስሉ የተነሳ ረጅም ሰዓት እየጮሁ ማስተማር እንደከበደው ራሱ ይናገራል። ልጆቹን ይዞ ከክፍል መውጣት ጀመረ፤ ሸማኔ፣ አናጢና እርሻ ያያሉ፣ ተመልሰው ያዩትን ይጽፋሉ። ከዚያ ትንሽ የእጅ ማተሚያ ገዛ። ልጆቹ የጻፉትን ራሳቸው ፊደል በፊደል ለቅመው፣ ከቀኝ ወደ ግራ ገልብጠው ደርድረው፣ ቀለም ቀብተው ያትሙታል።

እሺ፣ ታተመ። ማን ያነበዋል? አጠገብህ የተቀመጠው ልጅ እንደሆነ ሸማኔውን አብሮህ አይቷል። ለሱ የሸማኔውን እግር እንቅስቃሴ መተረክ አያስፈልግም። በ1920ዎቹ አጋማሽ ግን ፍሬኔ በፈረንሳይ ተቃራኒ ጫፍ፣ ብሪታኒ ውስጥ፣ ትሬገንክ በሚባል የባሕር ዳር አካባቢ ከሚያስተምረው ረኔ ዳንኤል ጋር ተገናኘ። የሁለቱ ክፍል ልጆች ያተሙትን እየተላላኩ ማንበብ ጀመሩ፤ ከወረቀቱ ጋርም የየአገራቸውን ነገር በጥቅል ይላላካሉ። እስቲ አስቡት፤ አንደኛው ወገን ወይራና የብርቱካን አበባ የሚለቀም፣ አበባው ለግራስ ሽቶ ፋብሪካ የሚሸጥበት ኮረብታ ነው። ሌላኛው ወገን አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው፤ በቅርብ ያለችው የኮንካርኖ ወደብ በሰርዲን ዓሣ ነው የምትኖረው። ሁለቱም ፈረንሳይ ይባላሉ። ልጆቹ ግን አንዳቸው የሌላውን የዕለት ኑሮ ከአፍሪካ ያላነሰ ነው የማያውቁት።

እኔን የሚገርመኝ ርቀቱ አይደለም። በዚያ ዘመን በዚያኛው የብሪታኒ ክፍል ብዙ ልጅ ቤቱ የሚናገረው ብሬቶንኛ ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ብሬቶንኛ የተናገረ ይቀጣል። ደቡብ ያሉትም ቤታቸው የሚሰሙት የፕሮቫንስ ቋንቋ ነበር። ማለት ሁለቱም ወገን የተገናኘው በሁለተኛ ቋንቋ ነው፣ ልክ እንደ እኛ። ልዩነቱ ፍሬኔ ብላክቦርድ ላይ መልስ አልጻፈላቸውም። «ነጻ ጽሑፍ» ይለዋል፦ ልጁ የፈለገውን፣ በፈለገበት ቀን ይጽፋል፤ ክፍሉ የሚታተመውን በድምፅ ይመርጣል፤ አስተማሪው የሚገባው ለማረም ነው። ኮምጣጣ የሚለው ቃል ቢጠፋህ ክፍሉ ሁሉ አብሮህ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ገጹ የሁላችሁም ነው፣ አንባቢውም እውነተኛ ሰው ነው፣ ካልገባው መልሶ ይጽፋል።

አሁን ወደ ገመና ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም ፍሬኔንም የበላችው እሷ ናት። በ1928 ወደ ሳን ፖል መንደር ተዛወረ፤ አሁን ቱሪስት የሚርመሰመስባት ያቺ ሳን ፖል ደ ቫንስ። እዚያ አንድ ልጅ ሕልሙን ጻፈ። በሕልሙ ክፍሉ ለትምህርት መሣሪያ ገንዘብ አልሰጥም ባለው ከንቲባ ላይ ያምፃል፣ ነገሩም በደም ያልቃል። ክፍሉ መረጠው፣ ታተመ፣ ወጣ። በ1932 መጨረሻ ጽሑፉ መንደሩ ግድግዳ ላይ በፖስተር ተለጥፎ ተገኘ፦ እዩ፣ ይሄ ሰውዬ ልጆቻችሁን ምን እያስተማረ እንደሆነ! ጋዜጦች ገቡበት፣ ወላጅ ለሁለት ተከፈለ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ተወጣ። በ1933 ፍሬኔ ቦታውን ለቀቀ፤ ኋላ ቫንስ አጠገብ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ።

ይሄን ያነበብኩ ጊዜ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ ቲቸር ናቸው። ሰውየው ፈሪ ብቻ እንዳልነበሩ ገባኝ። የልጅ ጽሑፍ ከክፍል ወጥቶ አንባቢ ሲያገኝ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ያውቃሉ። ከተማችን ውስጥ የማጠቢያው ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ልጁ የማን ልጅ እንደሆነም ያውቃሉ። እኛ ግን በዚያ ዕድሜ ይሄን ከየት እናውቃለን?

ወደ ጣሊያን እንሻገር፤ ወሬው አልተለወጠም። የፍሬኔ ማተሚያ ከጦርነቱ በኋላ ጣሊያን ገብቶ የአስተማሪዎች ማኅበር ፈጠረ። ከአባላቱ አንዱ ማሪዮ ሎዲ ነው፤ ፖ ወንዝ በሚያጠጣው ሜዳ፣ ፒያዴና አጠገብ ቮ የምትባል መንደር ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። «ቺፒ» የሚለውን የድንቢጥ ታሪክ ከተማሪዎቹ ጋር የጻፈው እሱ ነው። በ1963 ሎዲ ከፍሎረንስ ሰሜን ወዳለ ተራራ ወጥቶ ቄስ ሎሬንዞ ሚላኒን ጎበኘ። ሚላኒ አለቆቹ ያልወደዱት ቄስ ነው፤ በ1954 ባርቢያና ወደምትባል ቦታ ላኩት። ባርቢያና መንደር እንኳ አትባልም፤ አንድ ቤተ ክርስቲያንና በጫካ የተበታተኑ ቤቶች ናት። እዚያ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ለወደቁ የገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። ሎዲ «ልጆቻችን ለምን አይጻጻፉም?» አለ።

የባርቢያና ልጆች ለፒያዴና ልጆች የጻፉትን የመጀመሪያ ደብዳቤ በትርጉም ነው ያነበብኩት፣ ያውም ስንት ጊዜ። ከእኛ ስልሳ አራት ደብዳቤ አጠገብ ሳስቀምጠው አፍራለሁ። በውበት አይደለም የሚበልጠን፤ ደረቅ ነው፣ ቁጥር ይበዛዋል። ሃያ ዘጠኝ ነን፣ ከእኛ ሴቶቹ ሦስት ብቻ ናቸው ይላሉ። አንደኛው ልጅ ለመምጣት ብቻ ሁለት ሰዓት ያህል ጫካ ለጫካ እንደሚሄድ፣ ለመመለስም ያንኑ ያህል እንደሆነ ይናገራሉ። ትምህርት በዓመት 365 ቀን እንደሆነ፣ ዕረፍት የሚባል እንደሌለ ይጽፋሉ። ታዲያ ወደዳችሁት ወይ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ እነሱም ይሄን ጥያቄ ቀድመው ጠብቀውታል። መጀመሪያ ትምህርት ወደው እንዳልመጡ በግልጽ ያምናሉ። ኋላ ባወጡት መጽሐፍ ላይ ደግሞ ሠላሳ ስድስት ላም ያለበት በረት የሚጠብቀው ልጅ ትምህርት ቤት ምንጊዜም ከፋንድያ ይሻላል ይላል። ይሄን ቲቸር ቢያዩት ኪሳቸው ነበር የሚገባው።

ደብዳቤው የተጻፈበት መንገድ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ያሰበውን በብጣሽ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ አንድ ሐሳብ በአንድ ወረቀት። ወረቀቶቹ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ። የተደገመው ይጣላል፣ የሚዛመደው ይከመራል፣ ክምሩ ምዕራፍ ይሆናል። ከዚያ ይቆርጣሉ። የማያስፈልግ ቃል ያገኘ ልጅ ያስወጣዋል። ከባድ ቃል በቀላል ይተካል። ለምን ይሄ ሁሉ ድካም? አንባቢዎቹ ከነሱ ታናናሽ የሆኑ፣ ተራራ ላይ ኖረው የማያውቁ የሜዳ ልጆች ስለሆኑ። ሚላኒ ራሱ ለሎዲ ሲጽፍ ይሄን የጋራ አጻጻፍ ያገኙት በዚህ ደብዳቤ ሰበብ እንደሆነ ነግሮታል። ለማያውቁት ሰው መጻፍ ግድ ስላላቸው አገኙት።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1967፣ ያው ትምህርት ቤት በዚያው ዘዴ «ለአንዲት አስተማሪ የተጻፈ ደብዳቤ» የሚለውን መጽሐፍ አወጣ። ደራሲው ልጆቹ ናቸው፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም «የባርቢያና ትምህርት ቤት» ነው። የጣሊያን ትምህርት ቤት የድሃ ልጅ እየመረጠ እንዴት እንደሚጥል በቁጥር ያሳዩበት፣ አገር ያነጋገረ መጽሐፍ ነው። ሚላኒ መጽሐፉ በወጣ በወሩ በሰኔ ሞተ። ሎዲ ያን ቀን ተራራውን ባይወጣ መጽሐፉ አይጻፍም ነበር ማለት አልችልም። ዘዴው ግን ከልጆች ለልጆች ከተላከ ደብዳቤ ነው የወጣው፤ እሱን ሰዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል።

ታዲያ የእኛ ለምን እንዲህ አልሆነም?

ድህነት ነው እንዳትሉኝ፤ ባርቢያና ከእኛ ከተማ ብዙ የተሻለች አልነበረችም። የክፍሉ ብዛትም ብቻ አይመስለኝም። ነገሩ ያለው ሌላው ካርቶን ውስጥ ነው። ረስቼ አልነገርኳችሁም፤ ከፖስታዎቹ ጋር አራት የእግር ኳስና ብዙ እስክሪብቶ መጥቶልናል። ከዚህ በኋላ የምንጽፈው ነገር ደብዳቤ መሆኑ ቀርቶ ደረሰኝ ሆነ። ደረሰኝ ላይ ደግሞ ስለ ወንዝ አይጻፍም። ወንዙን ብንጽፍ ጥያቄ አይመጣም ነበር፤ የሚመጣው መዋጮ ነው። ያኛው ክፍል ኬክ ጋግሮ ይሸጣል፣ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ለእኛ የውሃ ቧንቧ ፎቶ ይላካል፣ እኛ ደግሞ ለቧንቧው እናመሰግናለን። የጓደኛዬ ወንዝ ስለ ወንዝ መሆኑ ያበቃል፣ ስለ እኛ ምስኪንነት ይሆናል። ቲቸር «ገመና» ያሉት ይሄንን ከሆነ፣ ልክ ናቸው። ፍሬኔና ዳንኤል እኩያ ነበሩ፤ ሁለቱም የመንግሥት የገጠር አስተማሪ ናቸው፣ አንዳቸው ለሌላው የሚያመሰግኑበት ነገር የላቸውም። ብርቱካን ከላኩ ዓሣ ይመጣል። እኛ የላክነው ምስጋና ነበር፤ ለምስጋና ማን ጥያቄ ይመልሳል?

ግን ልክ የሆኑት እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው። ገመናን ደብቀው በምትኩ ያስቀመጡት የ13 ወር ፀሐይ የቱሪዝም ማስታወቂያ ነው። ለፈረንጅ የተጻፈ፣ ፈረንጅ የሚወደው። ጓደኛዬ ሲከለከል ከለጋሽ ዓይን ወጥቶ ቱሪስት ዓይን ውስጥ ገባ። በሁለቱም በኩል የራሱ ዓይን የለም። እናም ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ሌላ ነገር አለ፤ ያ ውሻው ሶፋ ላይ የሚቀመጥ ልጅም ተበድሏል። እሱም ያለጥርጥር አንድ ወንዝ፣ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ የማይወራ ነገር መንደሩ ውስጥ ነበረው። ከሱ የደረሰን ውሻ ነው። ከእኛ የደረሰው ፀሐይ።

ኢንተርኔት ይሄን ፈትቶታል የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ እንየው። አንድ ጊዜ በጣም የተወደደ «ሚስጥራዊ ስካይፕ» የሚባል ጨዋታ ነበር፦ ሁለት ክፍል በቪዲዮ ይገናኙ ነበር፣ የት እንዳሉ አይነጋገሩም ነበር፣ በ«አዎ» እና «አይደለም» በሚመለስ ጥያቄ ብቻ አንዱ የሌላውን ቦታ ይገምት ነበር። ደስ ይል ነበር፣ ልጆቹ ካርታ ላይ ይራኮቱ ነበር። ነገር ግን የአገሩ ስም ሲታወቅ ጨዋታው ያልቅ ነበር። ለኔ ደግሞ ነገሩ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነበር። ሌላው «ጠፍጣፋው ስታንሊ» ነው፤ ጄፍ ብራውን በ1964 ካወጣው የልጆች መጽሐፍ ተነስቶ ዴል ሁበርት የተባለ ካናዳዊ አስተማሪ በ1995 የጀመረው። ልጆች የወረቀት ልጅ ሠርተው በፖስታ ይልካሉ፣ ተቀባዩ ይዞት ይዞራል፣ ምን እንዳየ ጽፎ ይመልሳል። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ እንግዳ ስትቀበል ከተማህን በእንግዳ ዓይን ታያለህ። ግን እስቲ ልባችሁን ጠይቁት፤ ስታንሊ አዲስ አበባ ቢመጣ የት ነው ፎቶ የምታነሱት? አንበሳ ሐውልት፣ መስቀል አደባባይ፣ አንድነት ፓርክ። ሰፈራችሁ ያለው ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚያቆመው አለ? ወረፋ ላይ ቢያቆሙት ኖሮ ያቺን አንዷን ፎቶ ነበር ማየት የምፈልገው።

ስለ ፈረንጅ ብዙ አወራሁ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይሄ ልውውጥ እኛው በእኛው መሐል አለመኖሩ ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ። በዚህ መሐል የሚኖሩ ልጆች አንዱ የሌላውን አካባቢ የሚያውቁት ከጂኦግራፊ መጽሐፍና ከቲክቶክ ነው፤ ከቲክቶክ ደግሞ የሚደርሰን ስድቡ ይበዛል። እኔ እንሰት ብዬ የጀመርኩት ለፈረንጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደብረ ብርሃን ያለ ተማሪ እንሰት አያውቅም፣ የእኛ ከተማ ልጅ ውርጭ አያውቅም፣ ሁለቱም አፋር ላይ ጨው በምን እንደሚቆረጥ አያውቁም። አገሪቱ ተማሪን ወደማያውቀው አካባቢ የላከችበት ትልቁ አጋጣሚ እድገት በኅብረት ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ወደ ስልሳ ሺህ የሚጠጋ ተማሪና አስተማሪ ገጠር ወረደ። የተላኩት ግን ሊያስተምሩ ነው። ከገጠር ወደ ከተማ ማን ሊያስተምር ተላከ?

የቋንቋውን ነገር አውቃለሁ፤ «በምን ቋንቋ ይጻጻፉ?» ትሉኛላችሁ። አማርኛ ይሁን ስትሉ ለአንዱ የእናት ቋንቋው ነው፣ ለሌላው ደግሞ የኔ ጓደኛ እንግሊዝኛ እንደሆነበት፣ ኮምጣጣ የሚጠፋበት ቋንቋ ነው። እኩልነቱ እዚያው ይፈርሳል። ቀላል መልስ የለኝም። ብቻ የትሬገንክ ልጆች በማይፈቀድ ቋንቋ እያሰቡ በተፈቀደው እንደጻፉ አስባለሁ፤ እና እንደ ፍሬኔ ክፍል ቃሉን አብሮ የሚፈልግ ክፍል ቢኖር፣ ሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን ገጹ ላይ ቢቀመጥ እላለሁ። አሁን ያሉን ሚኒ ሚዲያዎች ምን ያደርጋሉ? ጠዋት ሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያ ጥቅስና የልደት ምኞት ያነባሉ። የሚሰማው ያው እዚያው የቆመ ተማሪ ነው፤ ከግቢው አጥር አይወጣም። ማጉያውን ትታችሁ አንድ ገጽ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለሌላ ከተማ ሚኒ ሚዲያ ብትልኩ ወጪው የአንድ ቀን ዳታ ነው። ኳስ ሳትጨምሩበት፣ አደራ።

ባለፈው ዓመት የዴስክ ጓደኛዬን ቴሌግራም ላይ አገኘሁት። አሁን ሐዋሳ ነው፣ መድኃኒት ቤት ይሠራል። ይሄን ጽሑፍ እያሰብኩ ስለነበር አራቱን መስመር አስታወስኩት። ሎሚዋን ረስቷታል፤ ድምፅ ቀድቶ በላከልኝ መልእክት ለረጅም ጊዜ ሳቀ። ቀጥሎ «ወንዙ አሁንም እንደዚያው ነው አይደል?» አለኝ። ባለፈው ኅዳር ስሄድ እንደዚያው ነበር አልኩት። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ ሌላ መልእክት ላከ፦

«ያ ባለ ውሻው ልጅ ግን... ሰፈራቸው ወንዝ ነበረው እንዴ?»

አልጠየቅነውም አልኩት።